«ጋርብል» ማጽዳት ነው ማበላሸት? ከጅማ የተነሳ ክርክር

የመክፈቻው ጽሑፍ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ በተለጠፈ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ጅማ ሂርማታ አካባቢ ቅመማ ቅመም ይሸጣል። ኮረሪማና ጥምዝ ከዚያው ከአካባቢው ይገዛል። ቁንዶ በርበሬ ደግሞ ከውጭ የሚገባውንም ይይዛል። አንድ አስመጪ ወዳጁ የሕንድ የዋጋ ዝርዝር ላከለት። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ዓይነት ቁንዶ በርበሬ አለ፤ አንዱ «ጋርብልድ»፣ ሌላው «አንጋርብልድ»። የሚወደደው «ጋርብልድ» የተባለው ነው። ሰውዬው እዚህ ጋ ተቸገረ። እሱ የሚያውቀው «ጋርብል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መልእክት ማዘበራረቅ፣ ንግግር ማምታታት ማለት እንደሆነ ነው። ስልኩ ላይ ያለው መዝገበ ቃላትም ከዚያ ሌላ አላለውም። ታዲያ የተበላሸው ካልተበላሸው እንዴት ይወደዳል? ጥያቄው ይኸው ነበር። የዝርዝሩን ፎቶም ለጥፏል፤ ግማሹን ዋጋ የራሱ አውራ ጣት ሸፍኖታል።

እኔ የደረስኩት መልሱ ሠላሳ ከገባ በኋላ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሰዎቹ ያሉትን በራሴ አፍ እየነገርኳችሁ ልሂድ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ተራ ናቸው።

1. የመጀመሪያው መላሽ ብዙም አልተጨነቀም። የጽሕፈት ስህተት ነው ብሎ ደመደመ። ሕንዶች እንግሊዝኛውን እንደ ፈለጉ ያደርጉታል፣ አንተ ዋጋውን ብቻ ተከራከር ሲል መከረ። መልሱ በጣም ተወዶለታል፤ ቀድሞ የተናገረ ሰው ሁሌም ይወደድለታል።

2. ሁለተኛው ሳቀና ሄደ።

3. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የፋርማሲ ተማሪ በትሕትና ገባች። ስህተት እንዳይደለ ተናገረች። ከዕፅዋት ስለሚገኙ መድኃኒቶች በሚማሩት ትምህርት ውስጥ «ጋርብሊንግ» ራሱን የቻለ ደረጃ ነው። ቅጠሉ ወይም ሥሩ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ይጋርበላል፣ በመጨረሻ ይታሸጋል። መጋርበል ማለት አፈሩን፣ ግንዱንና ባዕድ ቅጠሉን ለቅሞ ማውጣት ነው። እሷ ለፈተና ሸምድዳው ነበር እንጂ ከተምታታ መልእክት ጋር አንድ ቃል መሆኑን ልብ ብላ እንደማታውቅ ጨመረች። አማርኛ ላይ «መጋርበል» ብላ ያረባችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ በሙሉ ተቀብሏት ሄደ።

4. መላሽ 1 ተመለሰ። እሺ፣ እንግዲያው በአጋጣሚ አንድ ፊደል የያዙ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይሆናሉ አለ። ሽንፈት ሲመጣ ጥሩ ማፈግፈጊያ ነው።

5. እዚህ ጋ ክሩ ክብደት አገኘ። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ አጋሮ ነው ያሉት። ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም ልበላቸው። ጋሼ ቃሉ አንድ ነው፣ ሁለት አይደለም ብለው ጀመሩ። እንግሊዝኛ ውስጥ ብቅ ያለው በፈረንጆቹ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ የነበረው ትርጉም ንጹሕ የቅመም ነጋዴ ትርጉም ነበር፤ ቅመሙን መፈተሽና ቆሻሻውን ማውጣት። ቁንዶ በርበሬ በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ውድ ዕቃ ነው። ውድ ዕቃ ላይ ደግሞ አፈርና እንጨት መቀላቀል ያዋጣል። ስለዚህ ለንደን ከተማ «ጋርብለር» የሚባል ሹም ነበራት። ይህ ሰው ሱቅና መጋዘን ገብቶ ቅመምና መድኃኒት ይፈትሻል፣ ያልጸዳውን ያበጥራል። ከ1180 ጀምሮ የሚታወቀው የለንደን ቁንዶ በርበሬ ነጋዴዎች ማኅበር ኋላ የግሮሰሮች (የቅመምና የሸቀጥ ነጋዴዎች) ማኅበር ሆኗል፤ ይህ የማበጠር ነገር የእነሱም ሥራ ነበር። ሕንዶቹ እንግዲህ ቃሉን አላበላሹትም። ጥንታዊውን ትርጉም እንደያዙ የቀሩት እነሱ ናቸው። የሕንዱ የማላባር ጠረፍ ቁንዶ በርበሬ እስከ ዛሬ «ጋርብልድ» እና «አንጋርብልድ» ተብሎ ነው ዋጋ የሚወጣለት።

ጋሼ ሲጽፉ አራት ነጥብ አይረሱም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ማየት ደስ ይላል።

6፣ 7 እና 8 ምስጋናና ቀልድ ናቸው። አንዱ ጅማ ገበያ ላይም ጋርብለር ይሾምልን አለ። ሌላው ተሹሞስ ጉቦውን ማን ያበጥረዋል ብሎ መለሰለት። ሦስተኛዋ በእናቷ ሽሮ ውስጥ ስለገባው ጠጠር ጻፈች፤ የወፍጮ ቤቱን ስም አልጠቀሰችም፣ ጥሩ አደረገች።

9. ቀጥሎ የመጣው ሰው ቂርአት ቤት ያደገ ነው፤ ዛሬም ልጆች አረብኛ ያስተምራል። ቃሉን ገና ሲያየው ሳቁ መጣ። አረብኛ ውስጥ ወንፊት «ጊርባል» ይባላል። መንፋት ደግሞ «ገርበለ» ነው። ጅማ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ደረሳ ሁሉ ይህን ያውቃል አለ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ። ዕቃው ከማላባር በቀይ ባሕር ወደ እስክንድርያ ይሄድ ነበር። ከዚያ ቬኒስ ይገባል። ቁንዶ በርበሬው በሄደበት መንገድ ቃሉም ሄደ። የጣልያን ነጋዴዎች «ጋርቤላሬ» አሉት፣ ስፔኖች ወንፊቱን «ጋርቢሎ» አሉት፣ እንግሊዞች ጋ ሲደርስ «ጋርብል» ሆነ። ይህ መልስ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የጣፈጠኝ ነው። ዱቄት በሚነፋበት ወንፊት ስም የተነሳ ቃል ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ስንት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በሕንድ የዋጋ ዝርዝር ላይ ተቀምጦ ሂርማታ ገባ።

10. አንድ ቁጥብ ሰው እርማት አቀረበ። አረብኛው ራሱ ከላቲን የመጣ ሊሆን ይችላል አለ። ላቲን ወንፊትን «ክሪብሩም» ይላል፤ ትንሿ ወንፊት «ክሪቤሉም» ናት። የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ጊርባልን ከእሷ ጋር ያዛምዱታል።

11. መላሽ 9 ይህን አልወደደውም። ጥሩ ነገር ሁሉ ለምን ሮም ላይ ይጀምራል ብሎ ተቆጣ። አረብኛ ከዚህ ቃል ሙሉ ግስ አርብቷል፤ የተዋሰ ቋንቋ እንዲህ አያረባም ሲል ተከራከረ። ቁጣው ይገባኛል፣ ክርክሩ ግን አያስኬድም። እኛ ራሳችን «ፎርጅድ» ወስደን «ፎረጀ፣ ይፎርጃል» ብለን እያረባን ነው የምንኖረው። ተማሪዋም ከላይ ስትጋርብል አይተናታል።

12. ጋሼ አስታረቁ። እንግሊዝኛው ከአረብኛ በጣልያን ነጋዴዎች በኩል መምጣቱ የሚያጣላ አይደለም። አረብኛው ከየት አመጣው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሁለቱን አትቀላቅሉ አሉ። በዚህ ሰው ረገበ፣ ለጥቂት ሰዓት።

13. ከዚያ ከየት መጣ የማይባል ሰው መጣ። ቃሉ ኦሮምኛ ነው አለ። ገብስ በኦሮምኛ «ገርቡ» ነው፣ ገብስ ይበጠራል፣ አለቀ። ማስረጃው ሦስት ቃል ነው።

14. ሌላኛው ወዲያው አማርኛ ነው አለ። «ገርበብ» ከሚለው የመጣ ነው፤ በር ሲገረበብ ትንሽ ብቻ ያሳልፋል፣ ወንፊትም እንዲሁ። ይሄኛው እንኳ ለፍቶበታል።

15. ከሊሙ የጻፈች ሴት ሁለቱንም ልክ አስገባቻቸው። እሷ ኦሮምኛ አፍ የፈታችበት ነው። ወንፊት በኦሮምኛ «ጊንጊልቻ» ነው አለች፣ ከገብስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ቃል ዘመድ አይሆንም፤ መንገዱን አሳዩ፣ ማን ወሰደው፣ መቼ ተጻፈ? የቅመሙ መንገድ በነጋዴ መዝገብ ይታወቃል፣ የእናንተ የት አለ? መልሷ አጭር ነበር፣ ግን ጥፍር ነበረው።

16. መላሽ 13 ተሳደበ። 17. መላሽ 14 አብሮት ተሳደበ፤ ስድብ ላይ ተስማሙ። 18. የመድረኩ ኃላፊ ሁለት መልስ አጥፍቶ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ይህን ክፍል ዘልዬው ብሄድ ደስ ባለኝ፣ ግን ቁጥሩ ይዘላል።

19. አየሩን ያጸዳው አንድ የሕክምና ተማሪ ነው። ላቲኑ ወንፊት አፍንጫችን ውስጥም አለ አለ። ከአፍንጫ በላይ፣ አንጎል ሥር፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ ስስ አጥንት አለ፤ የሽታ ነርቮች በእነዚያ ቀዳዳዎች ያልፋሉ። ሐኪሞች «ክሪብሪፎርም» ይሉታል፣ ወንፊት መሳይ ማለት ነው። የቡና ሽታ ሁሉ በዚያ ወንፊት በኩል ነው የሚደርሰን ብሎ ጨረሰ። ጅማ ላይ ተቀምጦ ቡናን ሳያነሳ የሚጨርስ ሰው መቼም አይገኝም።

20. ባለሱቁ ተመለሰ። አመሰገነ፣ ግን ጥያቄው ግማሹ እንደቀረ አስታወሰ። መጀመሪያ ማጽዳት ከነበረ እንዴት ዞሮ ማበላሸት ሆነ? ልክ ነው፤ ሁሉም ስለ ዘር ሐረጉ ሲጣላ ይህን ማንም አልነካውም ነበር።

21. የመጀመሪያው ሙከራ ከአንድ የባንክ ሠራተኛ ነው። ጥሩ ነገር ይዞ መጣ። እንግሊዞች ድሮ ሳንቲምም ይጋርብሉ ነበር። ሳንቲሙ የወርቅ ወይም የብር በሆነበት ዘመን፣ አዲስና ከባዱ ተለይቶ ይወጣና ይቀልጣል። ያለቀው፣ የተፋቀው ተመልሶ ገበያ ይገባል። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1875 ስለ ገንዘብ ሲጽፍ ይህን ሥራ በዚሁ ቃል ጠርቶታል። እንግዲህ ልብ በሉ አለ፤ ግሱ ያው መለየት ነው። ልዩነቱ ለያዩ ምርጡን ለራሱ አስቀርቶ ግርዱን ለሕዝብ መመለሱ ነው።

22. አንድ አዛውንት ይህን ሲያነቡ የማሪያ ቴሬዛ ብር ትዝ አላቸው። በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ሐሙስ ገበያ ላይ የሚሠራው ያ ብር ነበር። ሁሉም ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ፣ መቼም ይመታ መቼ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። የአዛውንቱ አባት ብር ሲቀበሉ በአውራ ጣታቸው የንግሥቲቱን ደረት ይዳስሱ ነበር። እዚያ ላይ ያለው ጌጥ በጥቃቅን ሉል የተከበበ ነው፤ ሉሎቹ ከጠፉ ብሩ ብዙ እጅ ዞሯል ማለት ነው፣ አይወስዱም። የወደዱትን ለብቻ፣ የጠሉትን ለብቻ። ከዚያም የጠሉትን ለማያውቅ ሰው ይሰጣሉ። ይህችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አዛውንቱ ራሳቸው ናቸው የጻፏት፣ ሳይደብቁ።

23. አሁን ደግሞ ቡና ለቀማ የሠራች ሴት ጻፈች። ለእኔ ነገሩን የፈታችው እሷ ናት። በቡና ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ ሴቶች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ፊታቸው ቡና ይፈስሳል። ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩንና ልጣጩን በጣት ይለቅማሉ። ጣት ከዓይን ይቀድማል አለች፤ የተበሳ ፍሬ ሲነካ ይሻክራል። ከእነሱ በፊት ቡናው ወንፊት አልፎ ነው የሚመጣው፤ ስክሪን 14 የሚሉት፣ ቀዳዳው ከአምስት ሚሊሜትር ተኩል ትንሽ የሚበልጥ። በመጨረሻ ሁለት ክምር ይቀራል። አንዱ በጆንያ ይሰፋና ወደ ውጭ ይሄዳል። ሌላው ተመልሶ የእኛ ጀበና ውስጥ ይገባል። እሷ ያኔ የለቀመችውን ጥቁር ፍሬ ማታ በሰፈሯ ሱቅ አይታዋለች። ስለዚህ ማጽዳት ነው ማበላሸት ነው ብላችሁ አትከራከሩ አለች። ክምሩ ላይ ያለ ሰው ማጽዳት ይለዋል፣ ግርዱ የሚደርሰው ማበላሸት ይለዋል።

24. ጋሼ በዚህ መልስ ላይ ብቻ ድርሰት ጻፉ ማለት ይቻላል። ቃሉም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው አሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ሠራዊትንና የከተማ ሸንጎን መጋርበል ይሉ ነበር፤ የማይመቻቸውን ሰው እየለቀሙ ማውጣት ማለት ነው። ለሚያወጣው ሰው ጽዳት ነበር። ከዚያ ወደ ጽሑፍ ዞረ። ከአንድ ሰው ንግግር የሚጠቅመውን ዐረፍተ ነገር መርጦ፣ ሌላውን ጥሎ፣ የተናገረውን እንዳልተናገረው ማድረግ። ይህ ትርጉም በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ተይዟል። የሚመርጠው ሰው እውነት መስሎት ይሁን አውቆ፣ ውጤቱ ያው ነው። ቆይቶ ደግሞ ተንኮሉ ተረስቶ ዝም ብሎ መምታታት ብቻ ቀረ፤ ባለሱቁ የተማረው ይህን የመጨረሻውን ነው።

25. የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ባልደረባ ተነካ። እኛ ጊዜ ስለሚያጥረን ነው የምንቆርጠው ብሎ ተከላከለ።

26. ከሥሩ የመጣው መልስ ስል ነበር። ቆርጦ ቀጥል ሙያ ከሆነ ስሙን አሁን አወቅነው አለ። የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ ግማሽ ደቂቃ ሲወርድ ማን ወንፊቱን እንደያዘ ጠይቁ ብሎ አከለ። ለክፋቱም ሳይሆን እውነት አለው። አማርኛችን ለዚህ ቃል አላጣም፤ «ቆርጦ ቀጥል» ከጋርብል የበለጠ ጥርስ አለው።

27 እስከ 31 ክሩ ቡና ውስጥ ሰጠመ። ለጊዜው ስለ ቃል የሚያወራ ጠፋ። የጌራ ይሻላል የሊሙ፣ የጎማ ይሻላል የማና። አንዱ «ጅማ 5» የሚለውን ስም እንደ ስድብ ወሰደው፤ ላኪ ነኝ ያለ ሰው ግን ያልታጠበ ቡና ደረጃ እንጂ የሕዝብ ደረጃ አይደለም ብሎ አረጋጋው። ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሲከለከል መኖሩን አንስተው ተማረሩ። አንዲት ሴት ከጓሮዋ ለቅማ፣ ራሷ አበጥራ፣ ራሷ እንደምትጠጣ ጻፈች፤ ሁሉም ቀናባት።

32. የቀድሞ የሬዲዮ መልእክት ሠራተኛ ነበሩ የመጡት። በእሳቸው ሥራ ሞገድ ሲረበሽ የተቆራረጠ መልእክት ይመጣል፣ ድጋሚ ላክልኝ ይባላል። ማንም አልመረጠውም፣ አየሩ ነው የጣለው አሉ። 33. አንድ ወጣት ደግሞ የድሮውን የአማርኛ ኢሜይል አስታወሰ፤ ፊደሉ ሁሉ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚመጣውን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ኮምፒውተሩ ሁሉ እስኪከተል ግን ስንቱ የፍቅር ደብዳቤ ሳጥን ሆኖ ቀርቷል።

34. አንዱ ደፋር «ጋርቤጅ» የሚለው የቆሻሻ ስምም ከዚሁ ነው አለ፣ ተጋርብሎ የሚወጣው ነው ብሎ። 35. መላሽ 10 በዚያው ቁጥብ አነጋገሩ መለሰ። ያኛው ቃል መጀመሪያ የዶሮ ሆድ ዕቃ ስም ነበር፤ የአንዱ ድምፅ ሌላውን ነክቶት ይሆናል፣ ልጁ ግን አይደለም። የሊሙዋ ሴት ለዚህ መልስ አውራ ጣት ሰጠች።

36. ባለሱቁ አሁን ገባኝ አለ፣ ታዲያ የቱን ልግዛ?

37. ላኪው ነገሩን በሂሳብ አስቀመጠለት። ያልተጋረበለው ርካሽ ነው፣ ግን ውስጡ ቀላል ፍሬ፣ የመርፌ ራስ የምታክል ጭንጋፍና እንጨት አለ። ያ ሁሉ በኪሎ ይመዘናል። ሕንዶቹ ምርጡን በወንፊት ይለያሉ፤ ትልልቁ ፍሬ ከ4.25 ሚሊሜትር ቀዳዳ በላይ የሚቀረው ነው፣ ከእሱ የሚበልጠው 4.75። ፈጭተህ የምትሸጥ ከሆነ ትልቁን አትግዛ፤ ማንም ፍሬውን አያየውም። በፍሬው የምትሸጥ ከሆነ የተጋረበለውን ውሰድ። ሦስተኛ መንገድም አለ፦ ያልተጋረበለውን ገዝተህ እዚሁ ጅማ አስለቅመው። የለቃሚ ዋጋ ስትደምርበት ግን ልዩነቱ ይቀራል ወይ፣ ቁጭ ብለህ አስላው።

38. ለቀማ የሠራችው ሴት ሥራው ካለ እሷና ጎረቤቶቿ እንደሚመጡ ጻፈች። ሰፌድ የራሳቸው ነው፣ ሂሳቡ ግን በየቀኑ ይከፈል።

39. መላሽ 1 ከተሰወረበት ብቅ አለ። ስለ መጀመሪያው ድምዳሜው ትንፍሽ አላለም። የሚያውቅ ካለ ኮረሪማ ዛሬ ስንት እንደገባ ብቻ ጠየቀ። ባለሱቁ ዋጋውን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ አለው፤ ክሩም እዚያ ላይ ቆመ።